ደጋው ትናንትም ነበረ፦ ከቤት ጥገና በኋላ የታመመ ሞተር በፊዚክስ ሲመረመር

ጎንደር ውስጥ መኪናው ዳገት አልወጣ ሲለው «ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው» ብሎ የማያልፍ አሽከርካሪ ጥቂት ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ስትሆን፣ ወደ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ስንደርስ ከፍታው ወደ 2,850 ሜትር ያድጋል። በዚህ ከፍታ ላይ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይሁን እንጂ እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ይሆናል ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ይኸው ልዩነት ነው፤ ምሳሌው የራሴ መኪና፣ ጥፋተኛውም እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቤን ይዤ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ እስከ አዲ አርቃይ ለመጓዝ አቀድሁ። ባለ ካርቡራተር የሆነችው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላዬ ነዳጅ ትንሽ ታበዛ ነበር እንጂ በደኅና ትሄድ ነበር። ለመንገዱ ላዘጋጃት ብዬ ቅዳሜ ዕለት በግቢዬ ውስጥ ኮፈኗን ከፈትሁ። በአንድ ቀን አራት ነገሮች አደረግሁ፦ ካንዴላዎቹን ለወጥሁ፤ የአየር ማጣሪያውን ለወጥሁ፤ ካርቡራተሩን አውርጄ ካጠብሁ በኋላ ከጥገና ዕቃው ጋር በመጡት አዲስ የነዳጅ ማሳለፊያዎች ገጠምሁት፤ በመጨረሻም የእሳቱን ጊዜ በመመሪያ መጽሐፉ መሠረት አስተካከልሁ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ታመመ። መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ትንቀጠቀጥና አንዳንዴም ትጠፋ ጀመር። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ደግሞ ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ጉልበቷም ደከመ። መንቀጥቀጡን ለማስታገስ የሚኒሞውን የነዳጅ መቆጣጠሪያ ብሎን ጥቂት ዙር ከፈትሁት፤ ትንሽ የተሻለ መሰለ። ጎረቤቴ ቆም ብሎ ተመለከተና የተለመደውን ፍርድ ሰጠ፤ «ዶክተር፣ አይጨነቁ፤ ደጋ ነው»።

ሞተር ምን ይፈልጋል?

ምክንያቱን ከመፈለጋችን በፊት ጤናማ ሞተር ምን እንደሚፈልግ እናስታውስ። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር የሚፈልጋቸው መሠረታዊ ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ተገቢ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ነው፤ ሁለተኛው ድብልቁ በሲሊንደር ውስጥ በሚገባ መታመቁ ነው፤ ሦስተኛው በትክክለኛው ቅጽበት የሚፈነጥቅ ጠንካራ የእሳት ብልጭታ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጓደል ሞተሩ ይታመማል።

ድብልቁን በሚመለከት ኬሚስትሪ ግልጽ ቁጥር ይሰጠናል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ከዚህ በእጅጉ ሲያንስ ድብልቁ «ወፍራም» ይባላል፤ ያልተቃጠለ ካርቦን በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። አየሩ ሲበዛ ደግሞ ድብልቁ «ቀጭን» ይሆናል፤ ሞተሩ ይቆራረጣል፤ ከመጠን በላይም ሊግል ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባው ነጥብ አለ። ቁጥሩ የተነገረው በኪሎ ግራም እንጂ በሊትር አይደለም። ሞተር ግን አየርን የሚስበው በይዘት ነው። 1.3 ሊትር ሞተር መተማም ሆነ ደባርቅ ላይ ያው 1.3 ሊትር ነው፤ በዚያ ይዘት ውስጥ የሚገኘው የአየር መጠነ ቁስ ግን እንደየቦታው ይለያያል።

ከፍታ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የአኅቱ ባል የሆነውን ፍሎሬን ፔሪዬን የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ እንዲወጣ ጠየቀው። በተራራው አናት ላይ የሜርኩሪው ቁመት ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ቀንሶ ተገኘ። በዚህም የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። የፔሪዬ ጥበብ ግን ተራራውን በመውጣቱ ብቻ አልነበረም። ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ቱቦ ከተራራው ግርጌ ትቶ ቀኑን ሙሉ የሚከታተል ሰው መድቦ ነበር። የታችኛው ቱቦ ሳይለወጥ ስለ ዋለ፣ ለውጡ የመጣው ከከፍታው እንጂ ከዕለቱ የአየር ጠባይ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት ለመናገር ቻለ። ይህን ሁለተኛ ቱቦ አንርሳው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የአየርን እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለውን የአየር መጠነ ቁስ፣ ከግፊቱና ከመጠነ ሙቀቱ ማስላት ይቻላል። በባሕር ጠለል በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ለአካባቢያችን በግምት የሚከተለውን እናገኛለን፦

መተማ፣ 700 ሜትር፣ 35 ዲግሪ፦ ግፊት 93 ኪሎ ፓስካል፣ እፍግታ 1.05
ጎንደር፣ 2,133 ሜትር፣ 20 ዲግሪ፦ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል፣ እፍግታ 0.93
ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር፣ 15 ዲግሪ፦ ግፊት 71 ኪሎ ፓስካል፣ እፍግታ 0.86
ጨነቅ (በሰሜን ተራሮች)፣ 3,600 ሜትር፣ 10 ዲግሪ፦ ግፊት 65 ኪሎ ፓስካል፣ እፍግታ 0.80

እንግዲህ ጎንደር ላይ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ከባሕር ጠለሉ 76 ከመቶ ብቻ ነው። ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ተርቦ ከሌለው ጉልበቱም ወደ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ ጥገና የማያስቀረው የተፈጥሮ ግብር ነው።

ካርቡራተር ግን ሌላ ችግር ይጨምራል። አየር በካርቡራተሩ ጠባብ አንገት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ሥራው እንደ ገለጸው ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ቤንዚኑን ከማሳለፊያው የሚስበው ይህ የግፊት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነቱ ካሬ ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ነው። የሚፈስሰው ቤንዚን ደግሞ ከግፊቱ ልዩነት ዳግም ዘር፣ ማለትም ከስኩዌር ሩቱ፣ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ በአንድ የተወሰነ የአየር ፍጥነት የአየሩ መጠነ ቁስ የሚቀንሰው በእፍግታው ልክ ሲሆን፣ ቤንዚኑ ግን የሚቀንሰው በእፍግታው ዳግም ዘር ልክ ብቻ ነው። አየሩ ብዙ ይጎድላል፤ ቤንዚኑ ጥቂት ይጎድላል፤ ድብልቁም ይወፍራል።

በቁጥር እንየው። የ0.76 ዳግም ዘር 0.87 ነው። ለባሕር ጠለል 14.7 ለ1 ሆኖ የተስተካከለ ካርቡራተር ጎንደር ሲመጣ 14.7 በ0.87 ተባዝቶ 12.8 ለ1 ይሰጣል። ደባርቅ ላይ 12.3፣ ጨነቅ ላይ 11.9 ይሆናል። «ደጋ ነው» የሚለው አባባል ሳይንሳዊ መሠረቱ ይህ ነው።

ደጋው ትናንትም ነበረ

እንግዲያው ጎረቤቴ ልክ ነበርን? አልነበረም። ጎንደር ዓርብም ቅዳሜም እሑድም 2,133 ሜትር ላይ ነበረች። መኪናዋ ዓርብ ደኅና ነበረች፤ ቅዳሜ ማታ ታመመች። በሁለቱ ቀናት መካከል ያልተለወጠ ነገር በሁለቱ ቀናት መካከል ለታየ ለውጥ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። የፔሪዬ ሁለተኛ ቱቦ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ ለውጥን የሚያብራራ ለውጥ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? የኔ እጅ የነካው ነገር ሁሉ። ከቤት ጥገና በኋላ ለሚታይ ብልሽት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጠጋኙ ራሱ ነው። ይህን አምኖ መቀበል ለኩራታችን ይከብዳል፤ ለኪሳችን ግን ይጠቅማል። የኔ ትልቁ ስሕተት አራት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መለወጤ ነበር። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ሞተሩን አስነሥቼ ብሞክር ኖሮ ጥፋቱ የቱ ጋር እንደ ገባ ወዲያው ባወቅሁ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

የመጀመሪያው ምልክት፦ መንቀጥቀጥ

እሑድ ጠዋት ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርሁ። በአንዱ ምልክቶቹን፣ በሌላው ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን ጻፍሁ። ምልክቶቹ ሁለት ነበሩ፤ የሚታዩበት ሁኔታም የተለያየ ነበር። መንቀጥቀጡ በሚኒሞ ላይ ይታያል፤ ነዳጅ ሲሰጣት ይቀንሳል። ጭሱ በዳገት ላይ ይታያል፤ በሚኒሞ ላይ የለም። አንድ ምክንያት ሁለቱንም ላያብራራ ይችላል።

በሚኒሞ ጊዜ የአየሩ በር ከሞላ ጎደል ዝግ ስለሆነ ከበሩ ወዲያ ያለው ግፊት እጅግ ዝቅ ይላል፤ መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት ይህን ነው። በዚያ በኩል ትንሽ ስንጥቅ ካለች ያልተፈለገ አየር ይገባና ድብልቁ ይቀጥናል። በሩ ሲከፈት ግን የግፊት ልዩነቱ ስለሚቀንስ፣ ከሚገባው ብዙ አየር አንጻር የስንጥቋ ድርሻ ኢምንት ይሆናል። ምልክቱ ከዚህ መላምት ጋር ገጠመ።

መላምቱን ለመፈተን ከአየር ማስገቢያው የሚነሡትን ጎማ ቱቦዎች ሞተሩ እየሠራ አንድ በአንድ ጨፈንሁ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ምንም ለውጥ አላመጡም። ሦስተኛውን ስጨፍን መንቀጥቀጡ ቆመ። ያ ቱቦ ወደ ፍሬን አጋዡ የሚሄደው ነበር። ካርቡራተሩን ሳወርድ መንገድ እንዲለቅልኝ አጥፌው ነበርና ያረጀው ጎማ ከጫፉ አጠገብ ተሰንጥቋል።

ቆም ብዬ ያሰብሁት በዚህ ጊዜ ነው። የፍሬን አጋዥ የሚሠራው በግፊት ልዩነት ነው፤ በአንድ ወገን የከባቢ አየር፣ በሌላው ወገን የሞተሩ ቫኪዩም አለ። ከአየሩ በር ወዲያ ያለው ግፊት በሚኒሞ ላይ 35 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ልዩነቱ በባሕር ጠለል 66 ኪሎ ፓስካል፣ ጎንደር ላይ 43፣ ደባርቅ ላይ 36 ብቻ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አጋዥ በባሕር ጠለል 2,070 ኒውተን ያህል ሲያግዝ ደባርቅ ላይ 1,130 ኒውተን ገደማ ያግዛል ማለት ነው። ከፍታው እገዛውን ወደ ግማሽ ቀንሶታል፤ እኔ ደግሞ የቀረውን በተሰነጠቀ ቱቦ አፍስሼዋለሁ። በዚህ ሁኔታ ነበር ልጆቼን ይዤ ሊማሊሞን ልወርድ የተዘጋጀሁት! ጣልያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን ፈልፍለው ያወጡትን ያንን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የነገሩን ክብደት ይረዳል። ፔዳሉ ትንሽ ጠጠር እንዳለ ቅዳሜም ተሰምቶኝ ነበር፤ ሐሳቤ ሁሉ ሞተሩ ላይ ስለ ነበር ግን ችላ አልሁት።

የፍሬን አጋዥን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግሞ መርገጥ፤ ከዚያም እግርን ፔዳሉ ላይ እንዳደረጉ ሞተሩን ማስነሣት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ አጋዡ ይሠራል፤ ንቅንቅ ካላለ አይሠራም። ቱቦውን በአዲስ ከለወጥሁ በኋላ ፔዳሉ ዝቅ አለ።

ሁለተኛው ምልክት፦ ጥቁር ጭስ

መንቀጥቀጡን ለማስታገስ የከፈትሁት ብሎን ትዝ ይበላችሁ። በአየር የቀጠነውን ድብልቅ በነዳጅ ማወፈሬ ነበር፤ ይህም ስንጥቁን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ምልክትን ማጥፋትና ምክንያትን ማጥፋት የተለያዩ ናቸው። ብሎኑን ወደ ቀድሞ ቦታው መለስሁ፤ ሚኒሞው ጤናማ ሆነ። ዳገት ላይ ግን ጭሱ እንዳለ ነበር።

ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፤ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ለብሷል። ድብልቁ ወፍራም ነው ማለት ነው። አዲሱን የአየር ማጣሪያ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቼ ሞከርሁ፤ ለውጥ የለም፤ ከዝርዝሬ ሰረዝሁት። የእሳቱን ጊዜ በመብራት መረመርሁ፤ በቦታው ነበር፤ ሰረዝሁት። የቀረው በካርቡራተሩ ውስጥ ያስገባሁት አዲሱ የነዳጅ ማሳለፊያ ነበር። ግን አዲስ፣ ንጹሕና በመመሪያው መሠረት ትክክለኛ ነው! መመሪያውን የጣሰ ነገር አላደረግሁም።

ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ከዚህ ቀደም ይጠግኑልኝ ወደ ነበሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ሄድሁ። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«አሮጌውን ማሳለፊያ ጣሉት?» አሉኝ።

«አልጣልሁም ጋሼ፤ ቆርቆሮ ውስጥ አለ።»

«ይመልሱት። እኔ ነኝ ጠበብ ያለ ያስገባሁለት። መጽሐፉ ደጋችንን አያውቀውም።»

እቤት ገብቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው። በአሮጌው ላይ የተቀረጸው ቁጥር አነስተኛ ነበር። እኒህ ሰው በርኑሊን ሳያነሡ፣ ከብዙ ዓመታት ልምድ በመነሣት፣ ከላይ በቀመር ያገኘነውን እርማት በእጃቸው ሠርተውት ነበር። እኔ ቀመሩን እያወቅሁ እርማቱን አውጥቼ ጣልሁ። አሮጌውን ማሳለፊያ መለስሁ፤ ጭሱ ጠፋ።

ስለዚህ የጎረቤቴ አባባል በአንድ በኩል እውነት ነበረበት። ከፍታው ብልሽቱን አላመጣም፤ ነገር ግን ሞተሩ ከከፍታው ጋር የነበረውን ስምምነት እኔ አፈረስሁ። የማይለወጥ ሁኔታ ለለውጥ ምክንያት ባይሆንም፣ ለውጡ የሚያስከትለውን ውጤት ሊወስን ይችላል። ይህንኑ ጠባብ ማሳለፊያ ይዘን መተማ ብንወርድ ደግሞ አየሩ ስለሚከብድ ድብልቁ 6 ከመቶ ያህል ይቀጥናል። ለደጋ የተሰፋ ልብስ ለቆላ አይሆንም።

መመሪያ መጽሐፍ ለባሕር ጠለል ሲጻፍ

ከዚህ የሚከተል ሌላ ትምህርት አለ፤ በተለይ ሜካኒክነት ለምትማሩ ወጣቶች። በመመሪያ መጽሐፍት ያሉ ብዙ ቁጥሮች ለባሕር ጠለል የተሰጡ ናቸው። መጽሐፉ የሲሊንደሩ ግፊት 12 ባር ይሁን ቢል፣ ጤናማው ሞተር ጎንደር ላይ የሚያሳየው 9.3 ባር ገደማ ነው፤ ምክንያቱም የሚታመቀው አየር ገና ሲገባ 77 ከመቶ ግፊት ብቻ ነበረው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ጤናማውን ሞተር «ፋሻው አልቋል» ብሎ ሊያስፈታው፣ ባለ ንብረቱንም ለከንቱ ወጪ ሊዳርገው ይችላል።

መፍትሔው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ጉዳዩ የከፍታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ግን ከፍታ ሊሆን አይችልም፤ አራቱም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነውና። እዚህም የፔሪዬ ቱቦ አለ። ባነሰው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረን ስንለካ ግፊቱ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ ፋሻ፣ ካልተለወጠ ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ያመራል።

ውኃም እንዲሁ ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ፣ ደባርቅ ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የላላ ክዳን በቆላ ላያስታውቅ ይችላል፤ በደጋ ግን ቶሎ ያፈላል። ትኩስ ራዲያተር ግን ፈጽሞ አይከፈትም።

ለማጠቃለል

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለማቃጠል አየር ስለማያስፈልገው ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚረጩ መኪኖችም የአየሩን መጠን እየለኩ ድብልቁን ራሳቸው ያርማሉ፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልሱም። አሮጌዎቹ መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ በየግቢውም ይጠገናሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን አንርሳ፦

አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ይሞከር።
ሁለተኛ፣ አሮጌ ዕቃ ሞተሩ ጤናማ መሆኑ እስኪረጋገጥ አይጣል።
ሦስተኛ፣ ምልክቱ መቼ እንደሚታይ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይታይም ይጻፍ።
አራተኛ፣ ለውጥን ባልተለወጠ ነገር አናሳብብ።
አምስተኛ፣ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ፤ በተለይ ድብልቁ የወፈረ ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው።
ስድስተኛ፣ ፍሬን ሳይፈተሽ ቁልቁለት አይጀመር፤ ቁልቁለቱም በዝቅተኛ ማርሽ ይወረድ።

ጉዟችን በአንድ ሳምንት ዘገየ። ሊማሊሞን በሁለተኛ ማርሽ ስንወርድ ታናሹ ልጄ «ለምን ቀስ ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ሲያድግ በዚህ ጽሑፍ ያገኘዋል።

መልመጃ፦ ለባሕር ጠለል የተሠራ የነዳጅ ማሳለፊያ የ1.10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አለው። የሚያልፈው ነዳጅ ከቀዳዳው የገጽ ስፋት ጋር ተመጣጣኝ ነው ብንል፣ ጎንደር ላይ 14.7 ለ1 ድብልቅ ለማግኘት የቀዳዳው ስፋት ስንት ሊሆን ይገባል? ለደባርቅስ? የመጀመሪያው መልሳችሁ 1.03 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ መንገዳችሁ ትክክል ነው።